የሲያትል ነፋስና የከሰል ማንደጃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሲያትልና በዙሪያዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የዚህ አገር በልግ (ፎል) መጨረሻና ክረምቱ (ዊንተር) የኃይለኛ ነፋስ ወቅት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፉት ምክሮች አንዳንዶቹ ሕይወት ያጠፋሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ ቤት ቢገባ አይጎዳም።»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የሚገድለው የምናየው ጭስ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደምቆ ከቀላ ፍምም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ስለሆነ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። በዲሴምበር 2006 በመታው የነፋስ ማዕበል በዋሽንግተን ግዛት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ጋዝ ተመርዘው ሲታከሙ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ተጎጂዎች መብራት ሲጠፋባቸው ቤት ውስጥ ከሰል ያቀጣጠሉ ስደተኞች ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1993ቱ ነፋስም ይኸው ደርሶ ነበር።

«መስኮት ገርበብ አደርጋለሁ» የሚሉ አሉ። አገር ቤት ግድግዳውና ጣሪያው ነፋስ የሚያስገባ ማጀት ውስጥ ያደገ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይገርምም፤ የዚህ አገር አፓርታማ ግን ሙቀት እንዳያመልጥ ተደፍኖ የተሠራ ነው። የተገረበበ መስኮት አያድንም። ማንደጃውም ጀኔሬተሩም ጋራዥ ውስጥ እንኳ አይገቡም፤ ጀኔሬተር ከበርና ከመስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ ደጅ ይቀመጥ። ቡናው መብራት እስኪመጣ ይቆይ፤ ለሙቀት ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብሰቡ። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። መጀመሪያ ውጡ፣ ከዚያ ወደ 911 (የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ) ደውሉ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ዛሬውኑ ግዙ።

«ቤቴ ውስጥ ከሆንኩ ነፋሱ ምን ያደርገኛል?»

ዛፍ ይጥልባችኋል። ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ሁለት ሴቶች በወደቀ ዛፍ ሞተዋል፤ አንዷ ቤቷ ውስጥ ነበረች። የዚያ ቀኑ ነፋስ የመጣው ከምሥራቅ፣ የካስኬድ ተራሮችን ተሻግሮ ነው። እዚህ ኃይለኛው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ስለሚመጣ የዛፎቹ ሥር ለዚያ አቅጣጫ የጠነከረ ነው፤ ከማይጠብቁት ወገን ሲገፉ፣ በዚያ ላይ መሬቱ በዝናብ ሲርስ፣ ግዙፉ ጥድ ከነሥሩ ይነቀላል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ በተሰጠበት ሌሊት ትልቅ ዛፍ ካለበት ጎን ባለው መኝታ ክፍል ልጆች አታስተኙ፤ ምድር ቤት ካለ ወደዚያ አውርዷቸው።

«የወደቀ ሽቦ ካልፈነጠቀ ኤሌክትሪክ የለውም።»

ሊኖረው ይችላል። በአሥር ሜትር ርቀት ውስጥ አትጠጉት። መኪናችሁ ላይ ከወደቀ፣ እሳት ካልተነሳ በስተቀር፣ እርዳታ እስኪደርስ ከውስጥ አትውጡ።

መስታወት ላይ ፕላስተር መለጠፍም ከንቱ ድካም ነው፤ መሰበሩን አያስቀርም።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ 911 ብደውል አይረዱኝም።»

እናቶችና አባቶች ይህን ሲሉ መስማት ያሳዝነኛል። አድራሻችሁን ተናገሩ፣ ከዚያም «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኟችኋል። ልጆችም ለወላጆቻችሁ አድራሻውን በትልቁ ጽፋችሁ በበራቸው ጀርባ ለጥፉላቸው።