ቦሮቡዱር በካሜራ፦ ቀደምት ፎቶዎችና የእስያ ጥበብ ጥናት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እስያ ጥበብ የጻፉ ብዙ አውሮፓውያን ምሁራን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው የሚያጠኑት ፎቶ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስኮትላንዳዊው ጄምስ ፈርጉሰን አንዱ ነው። ካልካታ ውስጥ በኢንዲጎ ንግድ ገንዘብ ያዘ፣ በ1830ዎቹ ሕንድን ዞሮ አየ፣ ከዚያ ለንደን ገባ። በ1876 ስለ ሕንድና ስለ ምሥራቁ ዓለም ኪነ ሕንፃ ትልቁን መጽሐፉን ሲያወጣ እጁ ላይ ከ3,000 በላይ ፎቶዎች ነበሩት። በመቶ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ቤተ መቅደሶችን ጎን ለጎን ማወዳደር የቻለው በነሱ ነው።

ፎቶዎቹን ያስነሣው በአብዛኛው ቅኝ ገዥው ነው። የብሪታንያ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1850ዎቹ፣ በእጅ ከማሳል ፎቶ ይሻላል ብሎ መኮንኖቹን ካሜራ አስያዘ። ከነሱ አንዱ ሊኔየስ ትራይፕ ነበር። በ1858 በደቡብ ሕንድ ታንጆር በሚገኘው ትልቁ ቤተ መቅደስ ግርጌ ዙሪያ የተቀረጸውን ጽሑፍ፣ ካሜራውን ትንሽ ትንሽ እያስጠጋ አነሣው። 21 ፎቶዎች ሲቀጣጠሉ ርዝመታቸው 6 ሜትር ገደማ ሆነ። በዓመቱ ግን አዲሱ የማድራስ ገዥ ሥራውን እንደ ቅንጦት ቆጥሮ አስቆመው።

ፎቶ ለጥናቱ ምን ያህል እንደጠቀመ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው፣ የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴት ጃቫ ላይ ነው። ቦሮቡዱር በ9ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠራ ግዙፍ የቡድሂስቶች መቅደስ ነው። አዶልፍ ሼፈር በ1845 ቅርጾቹን በዳጌሮታይፕ ማለትም በብር በተለበጠ ሰሌዳ ላይ አነሣ። ዋጋው አይቀመስም፣ ቅጂም አይወጣለትም። የሆላንድ አስተዳደር ተስፋ ቆርጦ ወደ ሠዓሊ ተመለሰ። በ1873 ግን ፎቶ አንሺው ኢሲዶር ፋን ኪንስበርገን ካሜራ ይዞ መጣ።

በ1885 ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ኢንጂነሩ ኢዘርማን፣ መቅደሱን ከታች የከበበው ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ ሥር ሌላ ግርጌ ተደብቆ አገኘ። ግርጌው በቅርጽ የተሞላ ነው። የተሸፈነው ሕንፃው እንዳይንሸራተት ለመደገፍ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሃይማኖታዊ ምክንያት የሚሰጡም አሉ።

ንጣፉን ገልጦ መተው ለሕንፃው አደጋ ነው። ስለዚህ በ1890 እና 1891 ድንጋዩ በየተራ እየተነሣ፣ ቅርጹ ፎቶ እየተነሣ፣ ድንጋዩ ወደ ቦታው እየተመለሰ ተሠራ። ካሜራውን የያዘው ካሲያን ሴፋስ ነበር። የጃቫ ሰው ነው፤ የዮግያካርታ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ። ከአገሩ ሰዎች በዚህ ሙያ ቀድመው ከታወቁት አንዱ ነው። 160ውንም ትዕይንቶች አነሣ።

በአንዱ ትዕይንት ሰዎች ዓሣና ኤሊ በድስት ይቀቅላሉ። አጠገቡ ደግሞ ቀቃዮቹ ራሳቸው በሲኦል ድስት ውስጥ ናቸው። ከአንዳንዶቹ ትዕይንቶች በላይ አጭር ቃል ተቀርጿል። አንዱ «ቪሩፓ» ይላል፣ መልከ ጥፉ ማለት ነው። ፊታቸው የተጣመመ ሰዎች ከሥሩ ይታያሉ። ቃላቱ ለቀራጮቹ የተጻፉ ማስታወሻዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥቂት ትዕይንቶች ደግሞ ተጀምረው ቀርተዋል። ለኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ይህ ነው፤ ሠራተኞቹ ሥራ ላይ እንዳሉ የምናያቸው ያህል ነው።

ታሪኩ ምን እንደሆነ ለመለየት ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ፈረንሳዊው ሲልቫን ሌቪ በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ስለ ካርማ ከሚያስተምር የሳንስክሪት ጽሑፍ ጋር አገናኘው። ሰው በሥራው ምን እንደሚከፈለው የሚዘረዝር ጽሑፍ ነው። ያኔ ቅርጾቹ ተመልሰው ድንጋይ ሥር ናቸው፤ ምሁራኑ የሚያዩት የሴፋስን ፎቶ ነው። ዛሬም ቦታው ድረስ የሄደ ሰው የሚያየው በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን የተከፈቱትን ጥቂቶች ብቻ ነው።

ጃፓን የራሷን ቅርስ በራሷ ሰዎች አስነሥታለች። ዮኮያማ ማጽሳቡሮ በ1872 ከመንግሥት አጥኚዎች ጋር ዞሮ የቤተ መቅደሶችን ሀብት አነሣ። ቻይና ውስጥ፣ በግድግዳ ሥዕል የተሞሉትን የዱንሁዋንግ የቡድሂስት ዋሻዎች ደግሞ በ1908 ያነሣው ከፈረንሳዊው ምሁር ፖል ፔሊዮ ጋር የሄደው ፎቶ አንሺ ሻርል ኑዌት ነበር። በ1921 ከሩሲያ የሸሹ ወታደሮች ዋሻዎቹ ውስጥ ሰፍረው፣ እሳታቸው የግድግዳ ሥዕሎቹን በጭስ አጠቆረ። ከዚያ በፊት ምን ይመስሉ እንደነበር የሚፈልግ ሰው ወደ ኑዌት ፎቶዎች ነው የሚሄደው።

ይህን ስል ፎቶውን እንደ ንጹሕ ምስክር መቁጠር የለብንም። ቀለም የለውም፤ ቀይና ሰማያዊ የሥዕል ቀለም ሁሉ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ትራይፕ ባዶ ሰማይ ላይ ደመና በብሩሽ ይጨምር ነበር። ብዙዎቹም ምእመኑን ከፍሬሙ አስወጥተው ሕንፃውን ብቻ አነሡ። መቅደሱ የሚሰገድበት ቦታ መሆኑ ቀርቶ ፍርስራሽ መሰለ።

የሼፈር የብር ሰሌዳዎችም ሆኑ ከሴፋስ ሥራዎች ብዙዎቹ አሁን ሆላንድ፣ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ማየት ይቻላል።