የምላስ ወለምታ፦ ቅቤዋን ማን ቆረጣት?

ባለፈው ሳምንት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ መምህር፣ ልጁ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ እያለ «ይኼ እንኳ ሰው አይሆንም» አሉ። ክፍሉ ጸጥ ሲል ጊዜ ሳቅ ብለው «ይቅርታ፣ የምላስ ወለምታ ነው» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ልጁ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደ አዲስ ማሰር ጀመረ።

እኔን ያበሸቀኝ ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ምሳሌውም ከወገቡ ተቆርጧል። አባባሉ «የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ነው። ኋለኛው ግማሽ ሲቀር ማስጠንቀቂያ የነበረው ማመካኛ ይሆናል።

በቅቤ የታሸ ሰው እንዲህ አይቀልድበትም። እኔ ታሽቻለሁ። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ መንደር ጥጃ ሳባርር ከእርከን ዘልዬ ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። ሳይመሽ እግሬ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። አባቴ ተሸክሞኝ ወደ ወጌሻው ቤት ወጣ፤ እናቴ ያልተነጠረ፣ ቅመም ያልነካው ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ከኋላ ተከተለችን። (ዛሬ ወጌሻ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቦርሳ ይዞ ወደ ኳስ ሜዳ የሚሮጠው ሰው ነው።)

ወጌሻው እግሬን ለመንካት አልቸኮሉም። ቅቤውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ምድጃው ጠጋ አሉ፤ ለስለስ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ «ያምሃል፤ ግን ቶሎ ያልፋል። አይዞህ» አሉኝ። «አያምህም» አላሉኝም፤ ይህን ልብ ያልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። በአውራ ጣታቸው እብጠቱን ከዙሪያው እየተጠጉ ያሹ ጀመር። እያሹም ስለ ከብቶቻችን ጠየቁኝ፦ «ጥቁሯ ላም የወለደችው ወንድ ነው ሴት?» ልመልስ አፌን ስከፍት፣ ቀጭ! ጩኸቴ ደጅ ሳይደርስ «እሰይ! የአባቱ ልጅ! በቃ፣ አለቀ!» አሉ። ያዳነህ ቅቤው ነው ወይስ «እሰይ» ያሉት፣ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ፣ ቅቤው ይቅርታ ያድርግልኝ።

ስለዚህ አባባሉ ከወጌሻ ደጅ ለመውጣቱ ማንም ሊያሳምነኝ አይድከም፤ እኔ አምኜ ጨርሻለሁ። በቃላት የተቋሰሉ ባልና ሚስት አንድ ምሽት መጥተው፣ ወጌሻው «ለዚህኛው ቅቤ የለኝም» ብለው የመለሷቸው ይመስለኛል። አንድ ወዳጄ ግን የደብተራ ድርሰት ነው ይላል። ማስረጃው መጽሐፈ ምሳሌ 16፥24 ነው፤ ያማረ ቃልን የማር ወለላ ብሎ «ለአጥንትም ጤና ነው» ይለዋልና። ክፉ ግምት አይደለም። ነገር ግን ደብተራ መቼ ቅቤ አሽቶ ያውቃል?

ይልቅ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። እግር ወለም ሲል የሚያብጠው ያው የወለመው እግር ነው። ምላስ ወለም ሲል ግን የሚያብጠው ሌላ ሰው ነው። ቅቤ የማይሠራው ለዚህ ይመስለኛል፤ የተናጋሪውን ምላስ ብታሸው የሰሚው እብጠት አይጎድልም። ምላሱን ቅቤ ያስለመደማ ቅቤ አንጓች ይባላል፤ እርሱ ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። የወጌሻው «አይዞህ» ከዚህ የሚለየው «ያምሃል» ከሚለው እውነት ጋር አብሮ በመምጣቱ ነው።

ወለም ያለውና ያበጠው አንድ ሰው ላይ የሚገናኙበትም ጊዜ አለ፦ ሰው ራሱን ሲሰድብ። በሦስተኛው ቀን በዱላ እያነከስኩ «ይኼ የማይረባ እግር!» ስል እናቴ ከጓዳ ሰምታኝ «እግርህን አትስደበው፤ ነገ የሚሸከምህ እርሱ ነው» አለችኝ። ዛሬ በየቢሮው «እኔ እኮ ደደብ ነኝ» እያለ የሚውለውን ሰው ስሰማ ያቺ ጓዳ ትዝ ትለኛለች።

የእንግዳ ስም አሳስቶ የጠራ የሬዲዮ አቅራቢ «የምላስ ወለምታ» ቢል፣ ይሁን፤ ማንም አላነከሰም። ልጅን በእናቱ ፊት ሰው አይሆንም ያለ ሰው ግን ምሳሌውን መጥራቱ ካልቀረ እስከ «አይታሽም» ድረስ ይጥራው፤ ቢያንስ ሲናገር ራሱ ይሰማዋል።

ከስብሰባው ስንወጣ ልጁን «አይዞህ» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ክሩ አሁንም አልታሰረም ነበር።