ስለ ሰዓሊና ስለ ኤግዚቢሽን የሚወራውና እውነታው

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜና እሁድ የሰፈር ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። ወላጆች ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ቆም ይሉና «ግን ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?» ይሉኛል። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄውን ተከትሎ የሚመጣው ወሬ ነው። ሰዓሊ እንዴት ያድጋል፣ ኤግዚቢሽን ለምን ይዘጋጃል፣ ገንዘቡስ ከየት ወዴት ይሄዳል በሚለው ላይ ሰፈር ውስጥ የሚባለው አብዛኛው ስህተት ነው፤ በዚሁ ስህተት የተነሳ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ።

ስለዚህ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ምሳሌዬ በአብዛኛው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አዲስ አበባ የተወለደ፣ ሰው የሚስል፣ በተለይ የሰው ገላ የሚስል ሰዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢዬናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ የራሷን ፓቪሊዮን ማለትም የአገር ማሳያ ቦታ ስትከፍት የታየው የእሱ ሥራ ነው።

«ድንገት ነው የወጣው፤ ዕድለኛ ነው»

ብዙ ሰው ስሙን የሰማው የቬኒሱ ዜና የወጣ ቀን ነው። ስለዚህ ሥራውም ያን ቀን የተጀመረ ይመስለዋል። ተስፋዬ የተማረው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው፤ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው። እዚያ ካስተማሩት አንዱ ሰዓሊ ታደሰ መስፍን ናቸው። ከዚያ ጀርመን ሄዶ ሽቱትጋርት ከሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመረቀ። በጀርመን አሳየ። እዚሁ አዲስ አበባ በአዲስ ፋይን አርት ጋለሪ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ያለው ኡፊዚ ሙዚየም ሥራዎቹን አቀረበ። ለንደን ውስጥም ታየ። ቬኒስ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከሽቱትጋርት ምረቃው እንኳ ብንቆጥር 10 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ኤግዚቢሽን ለሚቀጥለው በር ይከፍታል። አንድ ኩሬተር፣ ማለትም ሥራ መርጦ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ሰው፣ በቡድን ኤግዚቢሽን ላይ ሁለት ሥራ ያያል፣ የሰዓሊውን ስም ይይዛል፣ በዓመቱ ስቱዲዮ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ ለሌላ ኤግዚቢሽን አምስት ሥራ ይጠይቃል፣ ካታሎግ ይታተማል፣ ያ ካታሎግ ደግሞ ሌላ አገር ያለ የሙዚየም ሰው እጅ ይገባል። «የቡድን ኤግዚቢሽን ምን ዋጋ አለው» የሚሉ ወጣቶች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ብዙ ሰዓሊ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

«ቬኒስ ተወዳድሮ አሸነፈ»

አይደለም። ቬኒስ ቢዬናሌ እ.ኤ.አ. በ1895 የተጀመረ ነው፤ አገሮች በየራሳቸው ፓቪሊዮን ይሳተፋሉ። ማን ይታይ የሚለውን የሚወስነው አገሩ ነው፣ ወጪውንም የሚሸፍነውና የሚያፈላልገው እሱው ነው። ሽልማት አለ፤ ግን ሽልማቱ የሚሰጠው ከመጡት መካከል ነው። የቆዩት አገሮች ጃርዲኒ በሚባለው የአትክልት ስፍራ የራሳቸው ቋሚ ሕንጻ አላቸው። ሌሎቹ ከተማው ውስጥ ቦታ ይከራያሉ። የኢትዮጵያ ፓቪሊዮን ያረፈው ፓላዞ ቦላኒ በሚባል አሮጌ ቤት ነበር፤ ኩሬተሩ ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነበር። ቤኒንና ታንዛኒያም ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት።

ይህን የምለው ክብሩን ለማሳነስ አይደለም። አንድ አገር በ60ኛው ቢዬናሌ ላይ ስሙን የሚያስጠራበትን የመጀመሪያ ዕድል ለአንድ ሰዓሊ ሲሰጥ፣ ከሎተሪም ከሩጫም የሚበልጥ ነገር ነው። ዓመታት የተገነባ እምነት ነው።

«ሰው መሳል አሮጌ ነው፤ ዘመናዊ ማለት አብስትራክት ነው»

አብስትራክት ማለት ሰውም ዕቃም ሳይስል በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ሥዕል ነው። ይህን የሚለኝ ወላጅ አይደለም፤ ትንሽ ሥዕል የሚያውቅ ሰው ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሰው በ1950ዎቹ ያሳዩት ሥራ ከተማውን አነጋግሯል። ከዚያ ወዲህ «ዘመናዊ» የሚለው ስም ከአብስትራክት ጋር ተጣበቀ። በደርግ ጊዜ ደግሞ የሰው ምስል ፖስተር ላይ ወጣ፤ ጡንቻው የፈረጠመ ሠራተኛ፣ ነዶ የታቀፈች ገበሬ። ያን አይቶ ያደገ ሰው ሰው የሚስልን ሰዓሊ ሲያይ ፕሮፓጋንዳ ትዝ ቢለው አልፈርድበትም።

ግን የሰው ምስል ዘመናዊ መሆኑን አቁሞ አያውቅም። ገብረ ክርስቶስ አብስትራክቱን ሊያሳይ በተዘጋጀበት ሰሞን አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ጨርሰው ነበር፤ 150 ካሬ ሜትር፣ ሙሉው በሰው የተሞላ። ዛሬም በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ብዙ ቦታ ያገኙት ጥቁር ሰዓሊዎች ሰው የሚስሉ ናቸው። አሜሪካዊው ኬሪ ጄምስ ማርሻል አለ፤ ለንደን የምትሠራዋ ሊኔት ያዶም ቦዋኪ አለች። ተስፋዬም ከዚህ ዘመን ሰዎች አንዱ ነው።

«እጅና እግሩ የተጣመመ ነው፤ መሳል አይችልም እንዴ?»

ይሄኛው ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ጊዜ የምሰማው ስለሆነ። ስልክ ላይ የተስፋዬን ሥዕል ሳሳይ አንዳንዱ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። በሥዕሉ ውስጥ ሰዎች በአንድ ክፍል ተፋፍገዋል። የአንዱ እግር የሚያልቅበት የሌላው ጀርባ ይጀምራል። ጭንቅላት ካለበት ቦታ ያፈነገጠ ይመስላል። ቀለሙ አንዳንዴ ቆዳ፣ አንዳንዴ ቁስል ነው።

መሳል ይችላል። በአለ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው በከሰል ሰውን ከሕይወት መንደፍ እስኪሰለቸው ሠርቷል። ያን ካወቀ በኋላ ነው ሆን ብሎ የሚያፈርሰው። ደግሞም እኛ ለዚህ እንግዳ መሆን አልነበረብንም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን ተመልከቱ። ዓይን ከፊቱ ጋር ሲመጣጠን ከልክ በላይ ትልቅ ነው። ጣት ረጅም ነው። እመቤታችን በዙሪያዋ ካሉት ትገዝፋለች። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማንም «ይሄ ሰዓሊ አይችልም» ብሎ አያውቅም። ምን ሊል እንደፈለገ እናውቃለን፤ ስለዚህ እናነበዋለን።

የተስፋዬ ሰዎችም ያዩናል። ስለ እሱ የሚጽፉ ሰዎች ስሜትን ለማሳየት ቅርጽና ቀለም የሚያዛቡትን የጀርመን ኤክስፕሬሽኒስቶች ይጠቅሳሉ፣ የሰው ገላ በመሳል የታወቁትን የእንግሊዝ ሰዓሊዎች እነ ሉሲያን ፍሮይድንና ፍራንሲስ ቤከንን ይጠቅሳሉ፣ የኢትዮጵያንም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይጠቅሳሉ። እኔ የመጨረሻው ይበልጥ ይታየኛል። የሳላቸው ሰዎች ተጨናንቀዋል፣ ተራቁተዋል፣ ግን አይለምኑም። ዓይናቸውን አይሰብሩም። አውሮፓ ውስጥ ስደተኛ ሲባል በጋዜጣ የሚወጣው ፎቶ ሁልጊዜ አንገቱን የደፋ ሰው ነው፤ ተስፋዬ ጀርመን ዓመታት ኖሮ ያንን ምስል በየቀኑ ያየ ሰው ነው። የሳለው ግን ቀና ያለውን ነው። ይህን ካያችሁ በኋላ የእግሩ መጣመም አያስጨንቃችሁም።

ራቁትነቱ የሚያስቀይማቸውም አሉ። አዳምና ሔዋን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አሉ። ልብስ የሰውን ኑሮ፣ አገርና ዘመን ይናገራል፤ ሲወልቅ ሰው መሆኑ ብቻ ይቀራል። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

«ጋለሪ ግማሹን ይወስዳል፤ ሌብነት ነው»

ብዙ ጋለሪዎች ከሽያጩ እስከ ግማሽ መውሰዳቸው እውነት ነው። ሌብነት የሚሆነው ምንም ሳይሠሩ ከወሰዱ ነው፤ እንደዚያ ያለም አለ። ጥሩ ጋለሪ ግን ቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ያስጓጉዛል፣ ኢንሹራንስ ይገባል፣ ካታሎግ ያሳትማል፣ ሥራውን ውጭ አገር ወዳለ የሥዕል ገበያ (አርት ፌር) ይወስዳል፣ ሳይሸጥ ሲቀርም ወጪውን ይችላል። ከሁሉም በላይ ሥዕሉ ማን ቤት እንደገባ መዝግቦ ይይዛል። ነገ ሙዚየም ለኤግዚቢሽን ሲፈልገው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። ማን ያጓጉዛል፣ ማን ፍሬም ያሠራል፣ ክፍያ በስንት ቀን ይገባል፣ ያልተሸጠው መቼ ይመለሳል። ሥዕል አስረክቦ ደረሰኝ አለመቀበል ትልቅ ጥፋት ነው።

«ሥዕሉ በሚሊዮን ተሸጠ፤ ሚሊየነር ሆነ»

ቅድም የጠቀስኩት የኬሪ ጄምስ ማርሻል አንድ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ ላይ በጨረታ 21.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሻጩ የቺካጎ አንድ የሕዝብ ተቋም ነበር፤ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1997 የገዛው በ25 ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ 21 ሚሊዮን ውስጥ ለሰዓሊው የሚደርሰው የለም። ጨረታ ላይ የሚሸጠው ቀድሞ የገዛው ሰው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በእንግሊዝ ሥራው ዳግመኛ ሲሸጥ ለሰዓሊው ትንሽ ድርሻ የሚሰጥ ሕግ አለ፣ እሱም ለአንድ ሽያጭ ከ12,500 ዩሮ አይበልጥም። አሜሪካ ይህ የለም። ስለዚህ የጨረታ ዜና አይታችሁ የልጃችሁን የወደፊት ደመወዝ አታስሉ። ሰዓሊ የሚኖረው ከስቱዲዮና ከጋለሪ ከሚሸጠው፣ ከትእዛዝ ሥራ፣ አብዛኛው ደግሞ ከማስተማር ነው።

«ካልተሸጠ ኤግዚቢሽኑ ከሽፏል»

ቬኒስ ላይ ዋጋ አይለጠፍም። ሙዚየም ውስጥም ማንም አይሸጥም። አንድ ሰዓሊ የራሱን 20 ሥራ በአንድ ግድግዳ የሚያየው ምናልባት በኤግዚቢሽን ብቻ ነው፤ ስቱዲዮው ጠባብ ከሆነ ተደራርበው ነው የሚኖሩት። ሲሰቀሉ የትኛው እንደሚደጋገም፣ የትኛው ደፋር እንደሆነ ይታያል። የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ከዚያ ይነሳል።

«ከከተማ ዳር ሆኖ ኤግዚቢሽን አይታሰብም»

ዛሬ ሰዓሊው ያለው ዳር ነው። ቦሌና ፒያሳ ስቱዲዮ መከራየት የሚችል ጥቂት ነው። ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ አቃቂ፣ እዚህ እኛ ጋ፣ ብርሃን የሚገባበት ሰፊ ክፍል የሚገኘው ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። ችግሩ ማጓጓዙ ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሸራ በኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ አይዞርም። መፍትሔው ሸራውን ከእንጨቱ ነቅሎ መጠቅለል ነው፤ ሲጠቀለል ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃልም። ዘይት ቀለም ከሆነ በደንብ ሳይደርቅ አይነካም። ወፍራም ካርቶን ቱቦ፣ ላዩ ላይ ላስቲክ፣ በተለይ በክረምት። እንጨቱን መድረሻው ላይ መልሶ መወጠር ይቻላል። ሥራው ወደ ውጭ አገር ከሆነ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ቀድማችሁ አውጡ፤ አየር ማረፊያ ደርሶ መከራከር ልብ ያቆስላል።

«ውጭ ካልሄደ፣ በወጣትነቱ ካልታወቀ አለቀለት»

የተስፋዬን መምህር ታደሰ መስፍንን እዩ። ሌኒንግራድ ተምረው ተመለሱ። ከዚያ አስተማሩ፤ ዛሬ የምናውቃቸው ብዙ ሰዓሊዎች በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ዓለም በሰፊው ያያቸው ግን 60 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በሰፊው የታወቁበት ሥራ ደግሞ ገበያ የሚውሉ ሴቶች ናቸው፤ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ሽንኩርትና ቲማቲማቸውን ዘርግተው፣ እንደ ምሰሶ ረጅምና የተከበሩ። እነዚህን ሴቶች ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልግም። ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ አሉ። ለንደን ያሉ ሥዕል ሰብሳቢዎች የገዙት እኛ በየቀኑ አልፈናቸው የምንሄደውን ነው። ይህ ልቤን ያሞቀዋል፣ ትንሽም ያናድደኛል።

«ጋለሪ የሀብታም ቦታ ነው»

የሽያጭ ጋለሪዎች በአብዛኛው መግቢያ አያስከፍሉም። የባህል ማዕከላትም እንዲሁ። መክፈቻ ቀን ሰው ይበዛል፣ ሥዕሉን ለማየት አይመችም፤ በማግስቱ ሂዱ። ከሥዕሉ ጎን ያለችውን ትንሽ ወረቀት አንብቡ፤ ዓመቱን፣ በምን እንደተሠራና ልኩን ትነግራችኋለች። ቀይ ነጥብ ከተለጠፈበት ተሽጧል። ካልተለጠፈበት ባትገዙም ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደብተርና እርሳስ አስይዙት፤ ሥዕሉ ፊት ቁጭ ብሎ እንዲነድፍ መፈቀዱን በር ላይ ጠይቁለት።