ወደ አሜሪካ ጦር የሚገባ ልጅና የቆየ ዕዳው፦ የሚወራውና ሕጉ የሚለው

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና ጠሩኝ። ልጃቸው በዲቪ ከመጣ ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ ለአሜሪካ ጦር ፈርሞ ቤዚክ ለሚሉት የመጀመሪያ ወታደራዊ ሥልጠና ሊሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እሳቸው ስለ ጥይት አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ፈርተው ይመስለኛል። የጠየቁኝ ስለ መኪናው ነው። "በ15 ፐርሰንት የገዛውን መኪና አሁን ማን ይከፍላል?" አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤት "ወታደር ሲሆን ይሰረዝለታል፣ ምን አስጨነቀሽ" ብለው ቀደሙኝ። የጎረቤትየው ልጅ ደግሞ "ዜጋ ላልሆነማ አይሠራም" አለ። ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ አራት ዓይነት ሕግ ሰማሁ፤ ትክክል የነበረ ግን አልነበረም።

ሕጉ በምህጻሩ ኤስ ሲ አር ኤ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ሰርቪስሜምበርስ ሲቪል ሪሊፍ አክት ነው። አሁን የሚሠራበት በ2003 የወጣው ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መሠረቱ ግን በ1940 የወጣ ሕግ ነው፤ የ6 በመቶው የወለድ ጣሪያም በ1942 ተጨመረበት። የሚለው ይህን ነው፦ ሰው ወደ ሙሉ ጊዜ ውትድርና፣ አክቲቭ ዱቲ ወደሚባለው፣ ከመግባቱ በፊት የተበደረው ገንዘብ በአገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ ወለድ አይታሰብበትም። የቤት ብድር ከሆነ ከአገልግሎት ከወጣ በኋላም አንድ ዓመት ይጨመርለታል።

"ዕዳው ይሰረዛል"

አይሰረዝም። ዋናው ገንዘብ እንዳለ ነው፤ ወርሃዊው ክፍያም በየወሩ ይጠበቃል። ጎረቤትየው ከመኪና ንጥቂያ ጋር አደባልቀውት ይሆናል። ከአገልግሎት በፊት ቅድሚያ ወይም ቢያንስ አንድ ወር የተከፈለበትን መኪና አበዳሪው በአገልግሎት ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጎትቶ መውሰድ አይችልም። ይህ ግን ላለመክፈል ፈቃድ አይደለም።

"ከ6 በላይ ያለው ወለድ ይከማችና ሲወጣ ይከፍላል"

ብዙ ሰው፣ አንዳንዴ የባንክ ስልክ የሚያነሱትም ጭምር፣ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የተረፈው ወለድ ተምሯል ይላል፤ ለነገ የተቀመጠ ነገር የለም። ወርሃዊው ክፍያም በተማረው ወለድ ልክ መቀነስ አለበት። ክፍያውን እንደነበረ ትቶ "ብድሩን ቶሎ ትጨርሳለህ" የሚል አበዳሪ ሕጉን አልፈጸመም።

የልጁን መኪና ቡናው ላይ እንዲህ አሰላነው። የቀረው ዕዳ 16,000 ዶላር፣ ወለዱ 15 በመቶ፣ ጊዜው አምስት ዓመት ነው። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 381 ዶላር ይመጣል። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 200 ዶላር ነው፤ በ6 በመቶ ቢታሰብ 80 ይሆናል። ልዩነቱ 120 ስለሆነ ክፍያው ወደ 261 መውረድ አለበት። ክሬዲት ካርድ ላይማ ይብሳል፦ 5,000 ዶላር በ24 በመቶ በወር 100 ዶላር ወለድ ይበላል፣ በ6 በመቶ 25።

ደግሞ አበዳሪው ወለዱን 6 አድርጎ በሌላ በኩል "የአገልግሎት ክፍያ" እያለ ሊመልሰው አይችልም። ሕጉ ወለድ ሲል ከእውነተኛ የኢንሹራንስ ክፍያ በቀር የአገልግሎት፣ የማደሻና ሌሎች ክፍያዎችን ሁሉ ይጨምራል።

"ባንኩ ራሱ ያውቃል፣ ራሱ ይቀንሳል"

እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉም ውድ የሚያስከፍለው ይህ ነው። የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2022 ያወጣው ጥናት ከ2007 እስከ 2018 ወደ አገልግሎት የተጠሩ የናሽናል ጋርድና የሪዘርቭ አባላትን፣ ማለትም በትርፍ ጊዜያቸው የሚያገለግሉ ወታደሮችን፣ ብድር መርምሮ ነበር። መብቱ ከሚመለከታቸው የመኪና ብድሮች ወለዱ የተቀነሰላቸው ከአሥሩ አንዱ አይሞሉም፤ ከግል ብድሮች ደግሞ 6 በመቶው ብቻ። ሕጉ አለ፣ ሰዉ አልጠየቀም።

መጠየቅ ማለት ደግሞ በስልክ መንገር አይደለም። ለእያንዳንዱ አበዳሪ በጽሑፍ ማሳወቅና ወደ አገልግሎት የጠራውን የትእዛዝ ወረቀት፣ ልጆቹ ኦርደር የሚሉትን፣ ኮፒውን አያይዞ መላክ ነው። አገልግሎቱ ከተራዘመ የማራዘሚያው ወረቀትም ይላካል። ብዙ አበዳሪዎች በድረ ገጻቸው የሚቀበሉበት ቦታ አላቸው፤ የላኩበትን ማስረጃ ግን ማስቀመጥ ይሻላል። የመኪናው፣ የካርዱና የቤት ብድሩ አበዳሪዎች ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ጋ የተላከ ደብዳቤ ለሌላው አያገለግልም።

"ጊዜው አልፎብኛል" ብለው የተዉትም አሉ። ደብዳቤው ከአገልግሎት ከወጡ እስከ 180 ቀን ድረስ ሊላክ ይችላል። ቅነሳውም የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ሳይሆን አገልግሎቱ ከጀመረበት ቀን ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያገለገለና ዛሬ የሰማ ልጅ የሁለት ዓመቱን ትርፍ ወለድ መጠየቅ ይችላል።

አንድ የሚለይ አለ፦ የፌዴራል የትምህርት ብድር። እዚያ ብድሩን የሚሰበስበው ድርጅት ራሱ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱን መዝገብ እያየ መቀነስ አለበት። ይህ ሥርዓት ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2014 የፍትሕ ሚኒስቴር ሳሊ ሜንና ናቪየንት የሚባሉትን የትምህርት ብድር ኩባንያዎች በዚሁ ሕግ ከስሶ፣ ለ78 ሺህ ያህል ወታደሮች 60 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደርሷል። ቢሆንም የግል ባንክ የትምህርት ብድር ያለው ሰው ደብዳቤውን ይጻፍ።

"ዜጋ ላልሆነ አይሠራም"

ይሠራል። ሕጉ የሚጠይቀው አገልግሎቱን ነው፣ ፓስፖርቱን አይደለም። ግሪን ካርድ ይዞ ጦሩ ውስጥ የገባ ልጅ አሜሪካ ከተወለደው እኩል ነው።

"መጀመሪያ ግባ፣ ከዚያ ሪፋይናንስ አድርግ"

የድሮውን ብድር በአዲስ ብድር ተካው ማለት ነው። ይህ ምክር ቅን ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ጣሪያው የሚከልለው ከአገልግሎት በፊት የተወሰደን ዕዳ ነው። ልጁ ከገባ በኋላ የድሮውን የመኪና ብድር ዘግቶ በ10 በመቶ አዲስ ቢፈርም፣ ከ15 ወደ 10 የወረደ ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ 6 የነበረውን ወደ 10 አውጥቶታል፤ አዲሱ ብድር በአገልግሎት ላይ የተወሰደ ነውና። ካርዶችን በአንድ ብድር ጠቅልሉ የሚሉ ማስታወቂያዎችም እንደዚሁ ናቸው።

ክሬዲት ካርድም ለሁለት ይከፈላል። ከመግባቱ በፊት የነበረው ዕዳ በ6 ይታሰባል፣ ከገባ በኋላ የገዛው ጫማ ግን በካርዱ መደበኛ ወለድ ነው። በራሳቸው ፈቃድ ሁሉንም ዝቅ የሚያደርጉ ባንኮች አሉ፤ ያ ግን ችሮታ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። በአገልግሎት ላይ ለሚወሰዱ ለብዙዎቹ የሸማች ብድሮች ሚሊተሪ ሌንዲንግ አክት የሚባል ሌላ ሕግ አለ፤ የእሱ ጣሪያ 36 በመቶ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው 36ቱን ሲያይ "6 ነው ያላችሁኝ" ብሎ ይጣላል።

"ደሞዙ ስለጨመረ አይገባውም"

ከዚህ በፊት ምግብ ቤት ይሠራ የነበረ ልጅ ጦር ውስጥ ገብቶ ገቢው ሊሻል ይችላል። አበዳሪው "መክፈል አያቅተውም" ካለ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። እስከዚያ ድረስ መቀነስ አለበት። ወታደሩ የደሞዝ ወረቀት እያመጣ ችግረኛነቱን አያረጋግጥም።

"ክሬዲቱን ያበላሽበታል" የሚለውንም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መብቱን በመጠየቁ ብቻ አበዳሪው መጥፎ ሪፖርት ማድረግም ሆነ ብድር መከልከል አይችልም። ክፍያ ካዘገየ ግን እንደማንኛውም ሰው ይመዘገብበታል።

ስለ ሪዘርቭና ናሽናል ጋርድ በአጭሩ፦ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ የሚደረገው ልምምድ አይቆጠርም። በፌዴራል ትእዛዝ ወደ አክቲቭ ዱቲ ሲጠሩ ይቆጠራል። ጋርድ በክፍለ ግዛቱ ገዥ ትእዛዝ ብቻ ለጎርፍ ወይም ለበረዶ ሲወጣ ይህ ሕግ አይከልለውም፤ ፕሬዚዳንቱ ላወጀው ብሔራዊ አደጋ በፌዴራል ገንዘብ ከ30 ተከታታይ ቀን በላይ ከተጠራ ግን ይከልለዋል። የትዳር ጓደኛን በተመለከተ አብረው የፈረሙት ዕዳ ይካተታል፣ ሚስት ወይም ባል ለብቻ የፈረሙት አይካተትም። አገር ቤት ካለ ባንክ የተወሰደ ብድርም ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። ዕቁብ ይካተታል ወይ ብለው የጠየቁም ነበሩ፤ ዕቁብ ወለድ የለውም፣ ከዜሮ የሚቀነስ ነገር የለም።

ያ ልጅ ደብዳቤውን ሳይጽፍ ነው የሄደው። ቤዚክ ላይ ስልክ እንደልብ አይገኝም። ግን ከመሄዱ በፊት ለእናቱ ውክልና ፈርሞላቸው ስለነበር፣ ሕጉም ወኪል በወታደሩ ስም እንዲሠራ ስለሚፈቅድ፣ የትእዛዙን ኮፒ አያይዘን ደብዳቤውን እኛ ላክን። አበዳሪው መጀመሪያ "ወለዱን እናቆየዋለን" ብሎ መለሰ። ጦር ሰፈሩ ውስጥ ያለው ነጻ የሕግ ምክር ቢሮ፣ ጃግ የሚሉት፣ አንድ ገጽ ጻፈለት። በሦስተኛው ወር እናትየው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ፦ "ሁለት መቶ ስልሳ አንድ።"