ጀሪካኑ ለምን አይቀድምም? ስለ ስበት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኃይል የመጠነ ቁስ (አንድ ነገር የያዘው የቁስ መጠን) እና የፍጥንጥነት (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ብዜት ነው። ሐዋሳ ላይ ለፊዚክስ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ሁሉ ይህችን ቀመር በቃሉ ይዟታል። ቁጥር ስጡት፣ በትክክል ያሰላል። ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ግን ብዙው ይደናገራል። የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው፤ ቀመሯ ውስጥ መልሱ አለ።

«ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካንና ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። መሬት ጀሪካኑን በ196 ኒውተን ትስበዋለች፣ ሃይላንዱን በ9.8 ብቻ። ታዲያ ጀሪካኑ ለምን አይቀድምም? ከባድ ነገር ለማንቀሳቀስም ከባድ ስለሆነ ነው። 20 እጥፍ ይሳባል፤ መጠነ ቁሱም 20 እጥፍ ነው። 196ን ለ20 አካፍሉ፣ 9.8 ይመጣል። 9.8ን ለ1 አካፍሉ፣ ያው 9.8። የሁለቱም ፍጥንጥነት ይህ ነው። ከ9 ሜትር ከፍታ ቢለቀቁ ሁለቱም በ1.4 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳሉ።

«ወረቀት ግን ይዘገያል» ትሉ ይሆናል። የሚያዘገየው አየሩ ነው። ያንኑ ወረቀት ጨምድዳችሁ ልቀቁት፣ ልዩነቱን ታያላችሁ። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ አንድ ላይ ለቀቀ። እኩል ወደቁ።

«ኪሎ የክብደት መለኪያ ነው»

ገበያ ላይ እንዲህ ብንል ችግር የለውም። በፊዚክስ ግን ኪሎ የሚለካው መጠነ ቁስን ነው። ክብደት ኃይል ስለሆነ በኒውተን ይለካል። 50 ኪሎ ጤፍ ሐዋሳ ላይ 489 ኒውተን ይከብዳል፣ ጨረቃ ላይ 81 ብቻ። ከጤፉ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን እዚያም 50 ኪሎ ይላል፤ ስበቱ በሁለቱም ወገን እኩል ይቀንሳልና። በሞላ የሚሠራው ሚዛን ግን 8 ኪሎ ገደማ ያሳያል።

«9.8 የትም ቦታ አንድ ነው»

አይደለም። በዋልታዎች አካባቢ 9.83፣ በምድር ወገብ 9.78 ነው። ሐዋሳ ለምድር ወገብ ትቀርባለች፣ ከፍታዋም 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ወደ 9.78 ይጠጋል።

«ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥንጥነቱ ዜሮ ነው»

ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቱ ነው። ፍጥንጥነቱም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሱ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

«ህዋ ላይ ስበት የለም»

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራል። እዚያ ያለው ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው። ጣቢያው ወደ ጎን በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ ወደ መሬት እየወደቀም መሬት ላይ አያርፍም፤ ይዞራታል። ስበቱ ባይኖር ቀጥ ብሎ በሄደ፣ ተመልሶም ባልመጣ ነበር።