የጎልፍ መምቻ ምንጣፍ ምንድን ነው? ጥሩውስ በምን ይለያል?

ቤቱ ውስጥ በሲሙሌተር፣ ማለትም የኳሱን በረራ ለክቶ ስክሪን ላይ በሚያሳይ መሣሪያ፣ ጎልፍ ሊለማመድ የሚነሳ ሰው ሐሳቡ ሁሉ መሣሪያው፣ ፕሮጀክተሩና መረቡ ላይ ነው። ምንጣፉ መጨረሻ ላይ በተረፈችው ብር ይገዛል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አዳማ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት አጸዳሁ፣ መረብ ሰቀልኩ። ከዚያ ካፌዎች በረንዳቸው ላይ የሚያነጥፉትን ሰው ሰራሽ ሳር ገዝቼ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋሁት። ሦስት ሳምንት አልሞላኝም፣ የሻይ ብርጭቆ ሳነሳ የቀኝ ክርኔ በውስጥ በኩል ይወጋኝ ጀመር።

መምቻ ምንጣፍ፣ ብዙዎች ሂቲንግ ማት የሚሉት፣ ኳሱ ተቀምጦ የሚመታበት ንጣፍ ነው። ላዩ አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ሳር ነው። ከሥሩ ስፖንጅ ወይም ጄል አለ፣ ከታች ደግሞ ጎማ። ሥራው የአፈርን ቦታ መተካት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አፈር ምን እንደሚሠራ ማየት ይሻላል።

በአይረን፣ ኳስን ከመሬት ላይ ለመምታት በሚያገለግለው ዱላ፣ ጥሩ አድርጋችሁ ስትመቱ ዱላው እየወረደ መጥቶ ቀድሞ ኳሱን ያገኛል። ከዚያ ከኳሱ ትንሽ አለፍ ብሎ መሬቱን ይነካና የሳር ቁራጭ ገንጥሎ ይሄዳል። አፈሩ ስለሚለቅለት ኃይሉ እዚያው ይቀራል። ሲሚንቶ ግን አይለቅም። በስስ ሳር የተሸፈነ ሲሚንቶ ስትመቱ ኃይሉ ተመልሶ አንጓችሁና ክርናችሁ ላይ ያርፋል። በቀን አንድ ሁለቴ ቢሆን ችግር የለውም። መቶ ኳስ ሲሆን ግን ጅማት ይጎዳል።

የባሰው ነገር ግን ሕመሙ አይደለም፣ ምንጣፉ የሚዋሸው ውሸት ነው። ዱላው ከኳሱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደኋላ መሬት መታ እንበል። ሳር ላይ ቢሆን አፈር ውስጥ ይሰምጣል፣ ኳሱም ትንሽ ተንከባሎ ይቆማል። ጠንካራ ምንጣፍ ላይ ግን ዱላው ነጥሮ ይንሸራተትና ኳሱን ያገኘዋል። መሣሪያው ደግሞ ኳሱ እንዴት እንደሄደ እንጂ ዱላው በፊት ምን እንደነካ ብዙም ግድ የለውም። ስክሪኑ ላይ ያማረ ቁጥር ይወጣል። እኔ ያንን ቁጥር አምኜ በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ምቴ ከኳሱ ይልቅ አፈሩን አርቆ ወረወረው።

ታዲያ ምን ይመረጥ? በጣም ለስላሳው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ክርን የሚያድን ሆኖ ስህተትን የሚደብቅ ምንጣፍ አለ። የሚፈለገው ዱላው ሲገባበት ትንሽ የሚሰጥ፣ ከኳሱ በፊት መሬት ሲመታ ደግሞ ዱላውን የሚይዝ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በጡጫችሁ ጫን በሉት። ከሥሩ ያለው ወለል ከተሰማችሁ ተዉት። የእንጨት ቲ (ኳስ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ችካል) ተሰክቶ የሚቆምበት ከሆነ ደግሞ ለድራይቨር፣ አርቆ ለሚመታው ረጅም ዱላ፣ ይመቻል። መሃሉ ብቻ ወጥቶ የሚቀየር ከሆነ እሱን ውሰዱ፣ ምክንያቱም የሚያልቀው ያቺው ኳስ የምታርፍባት ቦታ ናት።

ብዙ ሰው የሚስተው ከፍታውን ነው። መምቻው አራት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት እግራችሁ ሲሚንቶው ላይ ከሆነ፣ ኳሱ ከእግራችሁ በላይ ሆነ ማለት ነው። ሰውነታችሁ የሚለምደው ስዊንግ (የዱላ አወዛወዝ) ሜዳ ላይ አይሠራም። እግርም የሚቆምበትን ሙሉውን፣ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነውን መግዛት ካልተቻለ፣ ከእግር ሥር ኮምፔልሳቶ ደርቦ ማስተካከል ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌያለሁ።

የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራ ሳሩ ሥር ይገባል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ጥረጉት። ፀሐይ ላይም አታሰንብቱት። ሶፍትዌራችሁ የቦታውን ከባህር ጠለል በላይ ከፍታ የሚያስሞላ ከሆነ ደግሞ ለአዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ አስገቡ። እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳስ ባህር ዳርቻ ካለ ከተማ ይልቅ ይርቃል።

ምንጣፋችሁ እየዋሻችሁ እንደሆነ ለማወቅ ፎጣ ይበቃል። አጥፋችሁ ከኳሱ በስተጀርባ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አንጥፉት። ዱላው ፎጣውን ከነካ፣ ስክሪኑ የፈለገውን ይበል፣ ምቱ ጥሩ አልነበረም። እኔ መጀመሪያ ቀን ከአሥር ኳስ ሰባቱን ፎጣ ነክቼ ነው የመታሁት።

ክርናችሁ አሁንም የሚያማችሁ ከሆነ ግን ፋሻ አስራችሁ አትቀጥሉ። መጀመሪያ አሳርፉት፣ ካልተሻላችሁ ሐኪም ይየው። ስትመለሱ ለጥቂት ሳምንት በአይረንም ቢሆን ኳሱን አጭር ቲ ላይ አስቀምጣችሁ ምቱ፣ ዱላው ምንጣፉን እምብዛም ሳይነካ ያልፋል።