«ተኩላ አለበት» የሚባለው ውሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ጆሮው ቀጥ ያለ ግራጫ ቡችላ ከተገኘ «ይሄማ ተኩላ አለበት»፣ ማለትም ከተኩላ የተዳቀለ ነው፣ የሚል አይጠፋም። ሻጭ ከሆነ ደግሞ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

«ከጅብም ይዳቀላል።» በፍጹም! ማታ ማታ በጅሬን በኩል የሚጮኸው ጅብ ውሻ ይምሰል እንጂ ዝምድናው ወደ ድመት ያደላል። የጅብ ክሮሞዞም (ዘረመል የሚሸከመው ክር) 40፣ የውሻ 78 ነው።

«የውሻና የተኩላ ክልስ እንደ በቅሎ መካን ነው።» ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። በቅሎ 63 ይደርሳታል፤ ጥንድ ጥንድ አይሆንላትም። ውሻና ግራጫ ተኩላ ግን ሁለቱም 78 ናቸው። ልጆቻቸው ይወልዳሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ።

«ለጥበቃ አንደኛ ነው።» ብር የሚያስወጣው ይሄኛው ነው። ሆላንዳዊው ሌንደርት ሳርሎስም እንዲሁ አስቦ ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ሸፐርድ ውሻውን ፍለር ከምትባል ተኩላ ጋር አዳቀለ። የፈለገው ጠንካራ የሥራ ውሻ ነው። የተወለዱት ግን ድንጉጦች ሆኑ፤ እንግዳ ሲያዩ ወደ ኋላ ይላሉ። ነገሩ አይገርምም፦ ተኩላ ሰው ይሸሻል፣ እንደ ውሻም አይጮህም። ሌባ ሲመጣ የሚደበቅ ውሻ ምን ያደርግልናል? ጠባቂ የፈለገ ሰው የቡችላውን እናትና አባት ጠባይ ቢያይ ይሻለዋል።

«75 ከመቶ ተኩላ ነው።» ቁጥር ሲጠራ ሰው ቶሎ ያምናል። ቡችላ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ ዘረመል መውሰዱ እርግጥ ነው። ከአያት የሚደርሰው ድርሻ ግን ዕጣ ነው። ስለዚህ 75 አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ቡችላ ልክ አይደለም። ከአንድ ሆድ ወጥተው አንዱ ቁርጥ ተኩላ፣ ሌላው ቁርጥ የግቢ ውሻ ሊመስል ይችላል። መልክም ያሳስታል፤ የሰሜን አሜሪካ ጥቁር ተኩላዎች ጥቁረታቸውን ያገኙት ከጥንት ውሾች ነው።

«ታዲያ የራሳችንን ቀይ ቀበሮ (የኢትዮጵያ ተኩላ የሚባለውን) ብናዳቅልስ?» ኧረ በሕግ! ጅማ ዙሪያ የለም፤ የሚኖረው እንደ ባሌና ሰሜን ተራሮች ባሉ ከፍተኛ ደጋዎች ብቻ ነው። አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ባሌ፣ ወይብ ሸለቆ ውስጥ ከውሻ የተዳቀሉ ታይተዋል። የቀበሮው አፍ ረዘም ቀጠን ያለ ሲሆን የክልሱ አጠር ይላል፣ ሰውነቱም ደንደን ይላል። መዳቀሉ ሲደጋገም ንጹሑ ዘር ይሳሳል። ከዚያ የባሰው ግን ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ባለሙያዎች የመንደሩን ውሾች የሚከትቡት።